እመት ኡሎማ የሚመች ጡት መያዣ ለማግኘት የዘመቱት ዘመቻ

ሕፃናትን በእናት ወተት፣ እናቶችን በትኩስ የበርበሬ ሾርባ በሚመግብ በአንዱ ፈጣሪ ስም፣ ዜና ጽንዓ ለኡሎማ፣ ይኸውም የኡሎማን ብርታት የሚናገረውን ታሪክ እንጽፋለን። ዘመኑም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ጨለማ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ በመንገዱ መታጠፊያ ያለው ታላቁ ጉድጓድ አንድ ባጃጅ ከነተሳፋሪው በዋጠ በሦስተኛው ወር፣ ዝናቡም ሰዉን ሁሉ ባሰለቸበት ሰሞን ነበር። ስለ ጦርና ስለ ፈረስ የጻፉ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው፤ ይጻፉ፣ ማን ከለከላቸው! እኛ ግን በኦዌሪ ከተማ ብዙ ዘመን ተቀምጠን በዓይናችን ያየነው ጦርነት ከጡት መያዣ ጋር የተደረገው ነውና፣ እሱን ትተን ሌላ ብንጽፍ ብዕራችን ራሱ ይታዘበናል።

ጀግናዋም የኤዚኔ ኮርዴሊያ ልጅ፣ የጫማ ሠሪው የኦግቦና ሚስት፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ያለ አለንጋ በአንድ እይታ ጸጥ የሚያሰኙት መምህርት፣ እመት ኡሎማ ነበሩ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ኦዚኦማን ወልደው አራስ ቤት ተቀምጠዋል። በዚያ አገር የገበያ ሳምንት አራት ቀን ነው፤ ኤኬ፣ ኦሪዬ፣ አፎ፣ ንክዎ ተብሎ ይቆጠራል፤ አራስም እንዲህ ያለ ሰባት ሳምንት ሳይሞላት ከግቢዋ አትወጣም። በሞላላት ቀን ግን አጊጣ፣ አንገቷን በነጭ ዱቄት ተቀብታ፣ በዘመድ አጀብ ወደ ገበያ ትወጣለች። እናታቸው ኤዚኔ ኮርዴሊያም፣ እኒያ ቤተ ክርስቲያን «ኤዚኔ»፣ ማለትም «ደጓ እናት»፣ ብላ ማዕረግ የሰጠቻቸው፣ ልጃቸውን ሊያርሱ ከገጠር መጥተው፣ የፈላ ውሃውንም፣ የደረቀውን ዓሣም፣ ምክሩንም ያለ ስስት ያፈሱ ነበር።

የእመት ኡሎማ ጠላት ከባሕር ማዶ የመጣ ወራሪ አልነበረም፤ ደረታቸው ላይ የተቀመጠ እንጂ። ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ በታማኝነት ያገለገለ፣ ዳንቴል የለበሰ፣ ከሥሩ በሽቦ የታጠረ አንድ ቀይ ጡት መያዣ ነበራቸው፤ እሱም ወተት በመጣ ጊዜ ከዳ። ድሮ በልኩ የነበረው ጠበበ፤ ሽቦው ጨርቁን ቀድዶ ወጣና በብብታቸው ሥር ሰፈረ፤ ወደ ግራው ጡት የሚወስደውንም መንገድ ዘጋ። ግራው ጡት በአንድ ወገኑ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፣ ቀላ፣ ነደደ። ኦዚኦማ ስትጠባ ወተቱ አልወርድላት ይላል፣ ትጮኻለች፤ እናቷም ከንፈራቸውን ነክሰው ያነባሉ። ወኮነ ዐቢይ ሐዘን በውስተ ቤት።

ቤት ለቤት የምትዞረው ነርስ መጥታ ባየች ጊዜ፣ ቀዩን ጡት መያዣ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ኧረ በሕግ! ይሄ ጡት መያዣ ነው ወይስ የአይጥ ወጥመድ? ዛሬውኑ ጣይው ኡሎማ። ሽቦ የሌለው፣ በአንድ እጅ ከፊት የሚከፈት፣ ማንገቻው ሰፋ ያለ ፈልጊ። ደግሞ ጡትሽ ሞልቶ ሳለ ለክተሽ ነው የምትገዢው፤ ባዶውን ለክተሽ ገዝተሽ ኋላ እንዳታለቅሺብኝ። ሁለት ጣት ከሥሩ ይግባ። ልጅቷንም ቶሎ ቶሎ አጥቢያት። አልሻል ካለሽ ወይ ትኩሳቱ ከጠናብሽ ክሊኒክ ነይ፣ በዚህ አይቀለድም።» ይህንም ተናግራ ሄደች፤ ትእዛዟም በቤቱ ሕግ ሆኖ ጸና።

በዚያው ቀን ሁለተኛ አዋጅ ወጣ። አዋጁን ያስነገረችው የኦግቦና ታላቅ እህት ዳ አዳኩ ነበረች፤ «ዳ» ማለት በእነሱ ዘንድ ለታላቅ ሴት የሚሰጥ አክብሮት ነው። እሷም አንድ ትልቅ ቆርቆሮ የሕፃናት የዱቄት ወተትና አንድ ጡጦ ገዝታ፣ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ እንደ መድፍ አስቀምጣ ነበር። «የወንድሜ ልጅ በረሃብ ስትጮኽ እጄን አጣጥፌ አላይም! የኔ ልጆች በቆርቆሮ ነው ያደጉት፣ ምን ሆኑ? እስከ እሁድ እታገሣለሁ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሄን ቆርቆሮ እከፍተዋለሁ ብያለሁ፣ እከፍተዋለሁ!» አለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ኦዚኦማ ስታለቅስ አብራ የምታለቅስ ናት። ግን አንዴ የተናገረችውን ሳትፈጽም የማታድር ሴት ነበረች። ከዚህ ሌላ የምትታማበት ነገር ቢኖር፣ ጋርሪ የሚሉትን የካሳቫ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ፣ ለውዝ ጣል አድርጋበት፣ ቀን በቀን መብላቷ ብቻ ነው።

እመት ኡሎማም ፈሩ። ቆርቆሮውን ንቀው አይደለም፤ በቆርቆሮ ያደገ ስንት ደኅና ሰው አለ። የፈሩት ሌላ ነው። ያቺ ልጅ ስትጠባ ትንሽ እጇን ደረታቸው ላይ ዘርግታ፣ ሽቅብ እያየች፣ በአፍንጫዋ ትተነፍሳለች፤ እመት ኡሎማ በሕይወታቸው እንዲህ አድርጎ ያያቸው ሰው አልነበረም። ጡጦው ከገባ ልጅቷ ወደ ጡት አትመለስ ይሆናል፣ ጡቱም ይደርቅ ይሆናል ብለው ሰጉ፤ ይህንም ማጣት አልፈለጉም። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምክንያት የሚጠይቅ ካለ ወልዶ ይየው።

አራስ ከግቢ መውጣት ስለማይገባት፣ የመጀመሪያው ዘመቻ ለኦግቦና ተሰጠ። እሱም ሙጫ የነካውን ሽርጡን ሳያወልቅ፣ ደረቱን ነፍቶ ወደ ገበያ ወረደ። ሻጮቹ ቁጥሯ ስንት ነው ብለው ቢጠይቁት፣ ሰፈሩ እስኪሰማ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «የሚስቴን ቁጥር እኔ ነኝ የማላውቅ? አርባ ናት! በገዛ እጄ ነው የምሰፋላት!» ሻጮቹም የባልን ቃል አምነው አርባ ቁጥር ሰጡት። ወይ ጉድ! አርባው የእግራቸው ቁጥር ነበር። ጡት መያዣው በተዘረጋ ጊዜ በአንደኛው ጽዋ ኦዚኦማን አስተኝቶ በሌላው ማልበስ ይቻል ነበር። ኦግቦና ግን ለደንበኞቹ የሚናገረውን የጫማ ሰፊ ቃል ደገመ፤ «ችግር የለም፣ ሲታጠብ ይሰበሰባል» አለ። ጡት መያዣውም ጓሮ ተወስዶ የሽንኩርት መስቀያ ሆነ።

ሁለተኛውን ዘመቻ ኤዚኔ ኮርዴሊያ ራሳቸው መሩ። «ድሮ እኛ በጨርቅ ጠፍንገን ነበር የምናስረው፤ ካልቀረስ ጡት መያዣ ማለት የሚይዝ ነው!» ብለው ሄደው፣ የማኅበር ሴቶች ለበዓል የሚታጠቁትን፣ ጨርቁ እንደ ድንኳን ሸራ የደደረውን፣ ከጀርባው መንጠቆ ከላይ እስከ ታች የተደረደረበትን አንድ ምሽግ ይዘው ተመለሱ። መንጠቆው ተቆልፎ እስኪያልቅ ኦዚኦማ አልቅሳ አልቅሳ ድምፅዋ ሰለለ፤ ተፈትቶ እስኪያልቅ ደግሞ ኦግቦና ከሥራው ተጠርቶ ጉጠት ይዞ መጣ። «ሲለበስ እኮ ይለቃል» አለ። እመት ኡሎማ የሦስተኛ ክፍሉን እይታ አሳዩትና ዝም አለ። ጡቱ ግን በዚያ ቀን ይበልጥ ጠጠረ፤ ትኩሳትም ጀማመራቸው። ያን ጊዜ እመት ኡሎማ ይህ ጦርነት በእንደራሴ እንደማይሆን ተረዱ፤ መውጫቸውም ቅዳሜ፣ በኦሪዬ ቀን ነበርና፣ ራሳቸው ሊዘምቱ ቆረጡ። በማግስቱም እሁድ ነው።

ወእምዝ ቅዳሜ ነጋ። እመት ኡሎማ ኤዚኔ ኮርዴሊያ ባፈሉት ውሃ ታጥበው፣ ለሠርጋቸው የተገዛውን ሰማያዊ ሽርጥ ታጥቀው፣ የራስ መጠምጠሚያቸውን እንደ አክሊል አቁመው፣ ዛጎል አንገታቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውንና ደረታቸውን ነጭ ዱቄት ተቀብተው ወጡ። ከልብሱ ሥር ያሰሩት ምንም አልነበረም፤ ግራ እጃቸው ግራ ጡታቸውን ከሥር ደግፎ ነበር። ሰልፉም እንዲህ ነበር። ከፊት ዳ አዳኩ ጃንጥላ ዘርግታ፣ በትከሻዋ ባንጠለጠለችው ቦርሳ ቆርቆሮውንና ጡጦውን ይዛ፤ ምናልባት ብላ ነው። ቀጥሎ ኤዚኔ ኮርዴሊያ ኦዚኦማን አቅፈው። ከዚያ የኦግቦና ዘመዶች ሚስቶች፣ የሚዘፍኑትም የሚያጨበጭቡትም፣ ዘፈኑን የማያውቁትም አፋቸውን እያንቀሳቀሱ። ከኋላ ኦግቦና ስጦታ መሸከሚያ ባዶ ጆንያ ይዞ። ከሁሉ በኋላ የጎረቤት ፍየል፤ ማንም አልጠራትም፣ ግን እስከ መጨረሻው ስላልተለየች ስሟ ከታሪክ አይፋቅም።

እዚህ ላይ ማንም ያላሰበው መከራ ተነሣ። በዚያ አገር ነጭ ዱቄት የተቀባች አራስ ገበያ በወጣች ቀን አትገዛም፤ ይሰጣታል። ገበያው ሁሉ ደስታዋን ይካፈላል፤ አንዷ ያም የሚሉትን ሥራ ሥር፣ አንዷ ሳሙና፣ አንዷ ደረቅ ዓሣ ታሸክማታለች። ዋጋ መጠየቅ ነውር ነው፤ የተሰጣትን መመለስም ሰጪዋን መስደብ ነው። ይህንም ሁሉ ሰው ያውቃል፣ እመት ኡሎማም ያውቃሉ። ነገር ግን በሕመማቸው ብዛት ዘንግተውት፣ ናይራ የሚሉትን ገንዘባቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ቋጥረው፣ በልባቸው ሲለኩና ሲመርጡ መጥተው ነበር።

ወደ ሰልባጅ ተራም ደረሱ። በዚያ ጡት መያዣዎች በሲባጎ ላይ ተሰቅለው፣ ከድንኳን ወደ ድንኳን እንደ በዓል ባንዲራ ይውለበለባሉ። ከመካከላቸውም የተራው ንግሥት ማ ኤበሬ በቦንዳዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ከፀሐይ ጋር ስትከራከር የኖረች፣ ክርክሩንም ያሸነፈች የምትመስል ወፍራም ሴት ናት። አራሷን ባየች ጊዜ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ አወጀች፦ «የኦዚኦማ እናት! እንኳን ማርያም ማረችሽ! እናንተ፣ ምን ትጠብቃላችሁ? አልብሷት እንጂ!» ተራው ሁሉ ተነሣ፤ ጡት መያዣም በእመት ኡሎማ ላይ እንደ ዝናብ ወረደባቸው።

የተሰጡትንም እንጽፋለን። ቀይ ዳንቴል ያለው፣ ሽቦው ከነነፍሱ፤ ማንገቻ የሌለው፣ በተስፋ ብቻ የሚቆም፤ ማንገቻው አንድ ብቻ የቀረለት፤ ለዋና የተሰፋ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚሆን፤ በአበባ የተጠለፈና በጀርባው ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ስም የተጻፈበት፤ ስፖንጁ እንደ ፍራሽ የወፈረ፣ ሕፃን ቢወድቅበት የሚነጥር። እመት ኡሎማ ልሞክረው ቢሉ ማ ኤበሬ ሳቀች፦ «ስጦታ ይሞከራል እንዴ ልጄ? ይባረካል እንጂ!» ስንት ነው ቢሉ ተቆጣች፦ «ዛሬ እዚህ ተራ ገንዘብ የሚባል ነገር አላይም! ያን ቋጠሮሽን ደብቂልኝ፣ አታሳፍሪኝ!» ሴቶቹ ይዘፍናሉ፣ ኦግቦና ጆንያውን ይሞላል፤ ከሁሉም ውስጥ አንድ የሚሆን የለም።

በዚህ መካከል ኦዚኦማ ራባት፣ ጮኸችም። ጩኸቷንም የሰማው ወተት መጣ፤ ቀኙ ጡት ሰማያዊውን ልብስ አረጠበ፣ ግራው ግን ተወጥሮ ቆመ፤ ሕመሙም እስከ ጀርባቸው ዘለቀ። እመት ኡሎማ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እንባቸው ፈሰሰ። ያን ጊዜ አንድ ድምፅ ሰሙ። የዳ አዳኩ እጅ ወደ ቦርሳዋ ገብቶ ጡጦው ከቆርቆሮው ጋር ሲጋጭ ነበር።

ያ ድምፅ አስነሣቸው። ከአንዲት ውሃ አዟሪ ላይ አንድ በላስቲክ የታሸገ ውሃ ነጥቀው ጫፉን በጥርሳቸው ቀደዱትና፣ በሰው ሁሉ ፊት ነጩን ዱቄት ከአንገታቸውና ከደረታቸው አጠቡት። ዘፈኑ ተቋረጠ። ኤዚኔ ኮርዴሊያ በነጻ እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። ፍየሏም ማመንዠጓን ተወች። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ገበያ ከተመሠረተ ጀምሮ አልታየም። እመት ኡሎማም ዱቄቱ በአንገታቸው እየወረደ፣ ሦስተኛ ክፍልን በሚያዙበት ድምፅ አወጁ፦

«ስሙ! አራሷ ኡሎማ ስጦታዋን ተቀብላ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብላ፣ ቤቷ ሄዳለች። እዚህ የቆመችው ገበያተኛ ናት! ገንዘብ ይዣለሁ። እለካለሁ፣ ካልሆነኝ እመልሳለሁ፣ እከራከራለሁ! ጡቴን አሞኛል፣ ልጄ ርቧታል፤ የሚመቸኝን ሳላገኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም! ማ ኤበሬ፣ ይሸጡልኛል ወይስ ጎረቤትዎ ጋ ልሂድ?»

ሰው ሁሉ ማ ኤበሬን አየ። እሷም አራሷን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸውና፣ ፊቷ ቀስ በቀስ በራ። «እሰይ!» አለች፤ «እሰይ የኔ ልጅ! ከጠዋት ጀምሮ ለአራስ ስሰጥ፣ ለአራስ ስመርቅ፣ ምላሴ ዝጎ ነበር! አንድ ሰው እንኳ ዛሬ ሌባ ብሎ አልሰደበኝም! ነይ፣ ነይ እንከራከር! እናንተ፣ ሽርጣችሁን ዘርጉና ጋርዷት!» ሴቶቹም ሽርጦቻቸውን ፈትተው በዙሪያቸው ዘረጉ፤ በገበያው መካከልም ባለ ብዙ ቀለም ድንኳን ተተከለ።

በድንኳኑ ውስጥ የተደረገው ፍልሚያ እንዲህ ነው። እመት ኡሎማ አንዱን ያጠልቃሉ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ሁለት ጣት ከሥሩ ይሰዳሉ፣ ኦዚኦማን በቀኝ ታቅፈው በግራ እጃቸው ለመክፈት ይሞክራሉ፤ የማይሆነውንም በሽርጦቹ አናት ላይ ወደ ውጭ ይወረውራሉ። «ይሄ ይቆርጠኛል! ይሄ ትከሻዬን ያርሰኛል! ይሄን ለመክፈት ሦስተኛ እጅ ይጠይቃል!» ማ ኤበሬም ከውጭ ትመልሳለች፦ «ትከሻሽ ነው ጠማማው! እቃዬን አትስደቢ! በይ ይሄን እንኪ!» ኦግቦናም አላስችለው ብሎ «ሲለበስ ይለቃል!» ሲል፣ ከድንኳኑ ውስጥ አጭር አዋጅ ወጣ፦ «ኦግቦና፣ ዝም በል!» ያ አዋጅ በሴቶቹ ሁሉ ዘንድ ታላቅ ተቀባይነት አገኘ።

ሲባጎው ሁሉ ተራቁቶ፣ ክምሩ ሁሉ ተገልብጦ፣ ምንም አልተገኘም። ኦዚኦማ ማልቀሱም ደክሟት ትነፋረቅ ጀመር። እመት ኡሎማ በሁለት ሽርጦች መካከል አንገታቸውን አውጥተው ተራውን በዓይናቸው ፈተሹ፤ ያን ጊዜ ማ ኤበሬ ከተቀመጠችበት ሥር፣ ከአንድ ንጹሕ ላስቲክ ውስጥ፣ ሰፊ ማንገቻ አፈትልኮ አዩ። «ከሥርዎ ያለውስ?» አሉ። ማ ኤበሬ ደነገጠች። «እሱማ መቀመጫዬ ነው! ባዶ ቦንዳ ላይ ልቀመጥ ነው? ቀለሙን አላየሽም፣ ማን ይገዛዋል! ሲበዛ ለስላሳ ስለሆነ ነው አጣጥፌ የተቀመጥኩበት። አይሸጥም!» እመት ኡሎማም «ለስላሳ» የሚለውን ቃል በሰሙ ጊዜ ልባቸው ዘለለ።

ክርክሩም ጋለ። እመት ኡሎማ ዋጋ ሰጡ፣ ማ ኤበሬ ሣቀች፤ ጨመሩ፣ አፈጠጠች። በገንዘብ እንደማይሆን ባዩ ጊዜ፣ እጃቸውን በሽርጡ መካከል አውጥተው ከኦግቦና ጆንያ ያንን ስፖንጁ እንደ ፍራሽ የወፈረውን ጎትተው አወጡና፣ ለተራው ሁሉ እያሳዩ አወጁ፦ «ማ ኤበሬ፣ እርስዎም ደኅና መቀመጫ ይገባዎታል! ይሄን ይቀመጡበትና ካልተመቸዎት ይመልሱልኝ!» ማ ኤበሬም ተነሥታ፣ ስፖንጁን ቦንዳው ላይ አነጠፈች፣ ተቀመጠች፤ ወደ ቀኝ አለች፣ ወደ ግራ አለች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። «እንዴ» አለች በመጨረሻ፤ «ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ላይ ነበር የተቀመጥኩት?» ሰሞኑን አይታው የማታውቀውን ክርክር ስለሰጧት ምርቃት ጨምራ፣ ትንሽ ናይራም ተቀብላ፣ ላስቲኩን ቀድዳ አስረከበች።

አመድማ ነበር፤ ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ፣ ሽቦ የሌለው፣ ጽዋው ከላይ በአንዲት ቁልፍ የተያዘ። እመት ኡሎማ አጠለቁት። ሁለት ጣት ገባ። እጃቸውን አነሡ፣ ባለበት ቆየ። በግራ እጃቸው ቁልፏን ጠቅ አደረጉ፤ ተከፈተ። ኦዚኦማን ወደ ግራው ጡት አስጠጉ። መጀመሪያ አመማቸው፤ ሕመሙም እንዳይቀለድበት ሆኖ አመማቸው። ልጅቷ አፏን ከፍታ፣ አገጯን በጠጠረው ወገን ደግፋ ሳበች፣ እንደገና ሳበች። ከዚያ አንድ ነገር ለቀቀ፤ ወተቱ መጣ፣ የኦዚኦማም ጉሮሮ ይሰማ ጀመር። እመት ኡሎማ በዚያ ቀን ካስነገሩት አዋጅ ሁሉ አጭሩን ያን ጊዜ አወጁ፦ «እፎይ!» ተራው በሙሉ ሰማ። ወተፈሥሐ ኵሉ ምሥያጥ፤ ገበያው ሁሉ ተደሰተ። ልጅቷም እጇን ዘርግታ፣ ሽቅብ እያየች፣ በአፍንጫዋ ተነፈሰች።

ኤዚኔ ኮርዴሊያ የሽርጡን ጫፍ ይዘው በድንኳኑ ውስጥ ቆመው ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለማንም ሳይሆን እንዲህ አሉ፦ «ስድስት ልጅ አጠባሁ። ያመኝ ነበር። ጨርቁ ያመኝ ነበር። ያመኛል ብሎ መናገር እንደሚቻል ግን አላውቅም ነበር።» እመት ኡሎማ እናታቸውን አዩ፤ ቤተ ክርስቲያን የሰጠቻቸውን ማዕረግ፣ ራሳቸውም ጠፍንገው የታጠቁትን ያንኑ የመሰለ የሸራ ምሽግ አዩ። ልጃቸውን ከጡታቸው ሳይነጥሉ ጮኹ፦ «ማ ኤበሬ! አላለቀም! ለእናቴም ያምጡ፣ እንለካለን!» ኤዚኔ ኮርዴሊያም «ኧረ እኔ አሮጊቷ! ምን ሊያደርግልኝ! ሰው ምን ይላል!» እያሉ እጃቸውን አነሡ፣ ጎንበስ አሉ፣ ሁለት ጣት ተሰደደላቸው። ከኋላ የሚቆለፍ ሁሉ በሽርጡ አናት ላይ በረረ።

እሁድም ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዳ አዳኩ ወደ ጓዳ ገባች፣ ወንበር አምጥታ ቆመችበት፣ ከገበያ መልስ ወደ ቦታው የመለሰችውን ቆርቆሮ ከቁም ሣጥኑ አናት አወረደች። የእመት ኡሎማ ግራ ጡት ለስልሶ፣ ትኩሳታቸውም በርዶ ነበር፤ ኦዚኦማም አፏን ከፍታ፣ ወተት በከንፈሯ ጥግ ቀርቶ፣ እቅፋቸው ውስጥ ተኝታለች። ቢሆንም እጃቸውን በልጃቸው ላይ አጠበቁ። ዳ አዳኩ የማንኪያ እጀታ ከክዳኑ ሥር ሰድዳ ቆርቆሮውን ከፈተችው። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህኗን ጎተተች፤ ጋርሪዋን በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጠች፣ የሕፃናቱን ወተት በማንኪያ ከምራ ከመረችበት፣ ስኳርና ለውዝ ጨመረች፣ አማሰለች፣ ጎረሰች። ሁሉም አፍጥጠው ያዩአት ነበርና አወጀች፦ «እሁድ እከፍተዋለሁ ብዬ ነበር፣ ከፈትኩት! ምነው? ዓይናችሁን ከሳህኔ ላይ አንሡልኝ!» ደግሞ ትንሽ ቆይታ፣ አፏ ሞልቶ፣ ወደ አራሷ ሳታይ «ጎበዝ ነሽ» አለች።

በሚቀጥለው ሳምንት ኤዚኔ ኮርዴሊያ ልጃቸውን የሚያርሱበት ጊዜ አብቅቶ፣ ሽርጥ፣ ሳሙና፣ ጨውና ደረቅ ዓሣ ተሸልመው ወደ ገጠር ተመለሱ። ባጃጁ ታላቁን ጉድጓድ በጭንቅ ዞሮ፣ ወዲያና ወዲህ ሲነቀንቃቸው፣ አንገታቸውን አውጥተው በመንገዱ ሙሉ ሕዝብ ፊት ጮኹ፦ «ኡሎማዬ! እስካሁን አልቆረቆረኝም!» ወንዶቹ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አጨበጨቡ።

እነሆ እንዲህ ያለውን ገድል የሠሩት እመት ኡሎማ ይባረኩ! ሽቦን ከአገር ያባረሩ፣ ከዙፋን ሥር የተቀበረውን ያወጡ፣ ለዙፋኗም የሚሻለውን የሰጡ፣ ዱቄታቸውን በአደባባይ አጥበው ለመሞከርና ለመመለስ መብት የቆሙ፣ እናታቸውን ከሸራ ምሽግ ያስፈቱ፣ የአዳኩን መድፍ ቁርስ ያደረጉ! የዚያ ተራ ሴቶች ዛሬም ዘመን ሲቆጥሩ «ኡሎማ አንገቷን በታጠበችበት ዓመት» ይላሉ፤ ከእሳቸው በፊት ማንም እንዲህ አላደረገም፣ ወአልቦ ዘይመስላ። ይህን ጽፈን በፈጸምን ሰዓት ኦዚኦማ እንደገና ርቧት ጮኸች፤ እመት ኡሎማም ከተማሪዎቻቸው ደብተር ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ በአንድ እጃቸው ቁልፏን ጠቅ አድርገው ከፈቱት።